ጉንፋን ወንድ ነው ወይስ ሴት?

ታኅሣሥ 4፣ ጠዋት 2፡30

መድኃኒት ቤቱን ከፈትኩ። መደርደሪያ ወለወልኩ። የዳሞታ ተራራ አናቱ ድረስ ጉም ተከናንቧል። ማስታወሻዬ፣ እንዲህ ባለ ጠዋት ሥራ ላይ መሆኔን እረሳለሁ። ጉሙ ወርዶ የሶዶን መንገድ ሲውጥ በመስታወት አያለሁ፤ ደንበኛ ሁለቴ ይጠራኛል።

ማርቆስ መጣ። በሦስት ሳምንት አምስተኛ ጊዜው። ያው ብርቱካንማዋን የቫይታሚን ሲ ክኒን ፈልጎ። የበዴሳ ሰው ነው። እጅጌው ላይ ሁሌ ነጭ ዱቄት አለ፤ የእህል ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬም ጉንፋንን በሴት ጠራት። «ዶክተር፣ ይዛኛለች። አልለቅ አለችኝ።»

ጉንፋን ወንድ ነው፣ «ይዞኛል» ነው የሚባለው ብዬ አረምኩት። እዚህ ብዙ ሰው አፉን የፈታው በወላይትኛ ስለሆነ፣ በአማርኛ ጾታ ቢያምታታ አይፈረድበትም። እኔ ግን የጉራጌ ነጋዴ ልጅ፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ በአማርኛ ያደግሁ፣ ሰው ማረም እወዳለሁ። ሳቀ። አያስልም፣ አያስነጥስም። ሳቁ ግን ደስ ይላል።

ታኅሣሥ 7፣ ምሳ ሰዓት

ጭንቅ። የተማርኩት ግልጽ ነው፦ ጉንፋን ከያዘ በኋላ ቫይታሚን ሲ ቢጀምሩት ለውጥ አያመጣም። ቀድሞ በየቀኑ የሚወስደውንም ሰው ጉንፋን ይይዘዋል፤ ቢበዛ ትንሽ ቀደም ብሎ ይለቀዋል። ይኸው ነው። ለሌላው ሁሉ እናገራለሁ፤ ዝንጅብል አፍሉ፣ እረፉ እላለሁ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወ/ሮ ዘነበች ትቆጣለች፤ ገዢ ከፈለገ አንቺ ምን አገባሽ ትላለች።

ለእሱ ብቻ አፌ ይያዛል። ብነግረው በምን ሰበብ ይመጣል? ዝም ማለትም መዋሸት ነው። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 9፣ ከሰዓት

ነገርኩት። በአንድ ትንፋሽ፣ ዓይኑን ሳላይ። ከዚያ በቀስታ፣ ታዲያ ከእንግዲህ አልምጣ ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ጅሏ፣ ለመድኃኒቱ ከሆነ አያስፈልግም አልኩት!

አመስግኖ ወጣ። እውነት ተናግሬ እንዲህ ከፍቶኝ አያውቅም።

ታኅሣሥ 15

አልመጣም።

እኔንም ጀመረኝ። አፍንጫዬ ተደፍኗል። ሰውነቴ ቀሎኛል፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብዬ የምሄድ ይመስለኛል። የባጃጁ ጥሩምባ ከሌላ ከተማ እንደሚመጣ ነው የሚሰማኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር እሱ ነው እላለሁ፤ ጉም ብቻ ይገባል። አንዷን ብርቱካንማ ምላሴ ላይ አሟሟሁ። እንደማትረዳኝ እያወቅሁ። ጣፋጭ ናት።

ታኅሣሥ 17፣ 10፡00

ማስታወሻዬ፣ የዛሬው ይለያል።

አንዲት እናት የሳል ሽሮፕ ልትገዛ መጣች፤ ዩኒፎርም የለበሰች ልጇ አብራት አለች። ማርቆስ በማዶ አለፈ። ወደ መስታወታችን ዞር አለ፣ ቆም አለ፣ ሄደ። ልጅቷ «ቲቸር!» ብላ እጇን አውለበለበች። ታውቂዋለሽ አልኳት። እንዴት አላውቀውም፣ የአማርኛ አስተማሪያችን ነው አለች። ሰዋስው ላይ ምሕረት የለውም፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደረገ ተማሪ ዐረፍተ ነገሩን አሥር ጊዜ ይጽፈዋል።

ሽሮፑን ለእናትየው ሰጥቼ የገንዘቧን መልስ መስጠት ረሳሁ። እየሳቀች ጠየቀችኝ።

ዱቄት አልነበረም፤ ጠመኔ ነው። ስሕተትም አልነበረም፤ ጉንፋንም አልነበረም። አምስት ጊዜ ፊቴ ቆሞ ይዛኛለች፣ አልለቅ አለችኝ ሲል፣ እኔ አራሚዋ ሰዋስው አስተማርኩት!

ነገ በመውጫ ሰዓት ትምህርት ቤታቸው በር ላይ እቆማለሁ። ነጩን ጋውን አውልቄ፣ በታፈነ አፍንጫዬ። ዶክተር ምን ሆንሽ ይለኛል። ጾታ ሳልሳሳት እመልስለታለሁ፦

ይዞኛል። አልለቅ ብሎኛል።