የግማሽ ሪዝ ወንጀሌና የተከለከልኩት ቪዛ

ለቪዛ ጉዳዮች ክፍል ኃላፊ
በቢሮአቸው

ቀን፦ ኅዳር 9

ጉዳዩ፦ «ጸባዩ ያሳስባል» ተብዬ የተከለከልኩት ቪዛ በድጋሚ እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች በሙያዬ ፀጉር አስተካካይ ስሆን፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ምላጭ ይዤ ሰው ጉሮሮ ሥር ስሠራ አንድም ደንበኛ ደምቶብኝ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምገልጸው ወንጀሌ የተፈጸመው በምላጭ ስለሆነ ነው።

1. አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ከባሏ ጋር የምትኖረው እናንተ አገር ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትቃረብ «አባዬ፣ ሳልወልድ ድረስልኝ» አለችኝና ወደ ቢሮአችሁ መጣሁ። ቅጹ «በወንጀል ተፈርዶብዎት ያውቃል?» ይላል። የመልስ መስጫው አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ ከፍርድ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ገልብጬ «ስለት ባለው መሣሪያ በሰው ፊት ላይ ጉዳት ማድረስ» ብዬ ሞላሁ። ለዝርዝሩ ቦታ አልነበረም።

2. ዝርዝሩ ይህ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ የመሬት ቀያሽ ሪዛቸውን ሊያስተካክሉ መጡ። ስጨርስ መስታወት ፊት ቆሙ፤ ከኪሳቸው ሜትር አውጥተው ለኩና ግራው በሁለት ሚሊ ይበልጣል አሉ። ግራውን ቀነስኩ። ሲለኩ አሁን ቀኙ በለጠ። ቀኙን ቀነስኩ። አራተኛው ልኬት ላይ ወረፋ ጠባቂዎቹ ግራ ነው፣ ቀኝ ነው እያሉ በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። ደሜ ፈላ። ቀኙን ከሥሩ ላጭቼ «አሁን ይለኩት» አልኳቸው። ነድጄም እንኳ አንቱታውን አለመተዌን ክቡርነትዎ ልብ ይሉልኛል ብዬ አምናለሁ።

3. ቀያሹ ፊታቸውን በመሐረብ ሸፍነው ቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። መርማሪው የቀረው ግማሽ ሪዝ ማስረጃ ስለሆነ ፍርድ ቤት እስኪቀርብ እንዳይነኩት አዘዛቸው። ሃያ ሦስት ቀን በግማሽ ሪዝ ሥራ ገቡ። ለቅሶ ሲደርሱ ሰው እንዳይስቅ ባዶውን ጎን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። ሰፈሩ «ግማሹ» አላቸው። ይህ እስካሁን ያሳፍረኛል። ዳኛው የሁለት ወር እስራት በገደብ ፈረዱብኝ፤ ሲያነቡ ግን ፊታቸውን በወረቀቱ ጋርደው ነበር።

4. በየቀጠሮው እኔና ቀያሹ ኮሪደሩ ላይ ጀርባ ተሰጣጥተን ስንቆም፣ እኔን ልታጽናና የመጣችው ልጄና ሊመሰክር የመጣው ልጃቸው አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። ለካ በእኛ እየሳቁ ኖሯል። በሁለተኛው ዓመት ተጋቡ። ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ ተበዳዩ ዛሬ የልጄ አማት ናቸው። በየቅዳሜው ሪዛቸውን የማስተካክለው እኔው ነኝ። ሜትሩንም አልተዉም።

5. በቃለ መጠይቁ ዕለት መስኮቱ ጋ የነበሩት ወይዘሪት «ተጎጂው በሕይወት አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። አሉ አልኩ። «አሁን የት ናቸው?» ሲሉኝ፣ «በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው» ብዬ እውነቱን ተናገርኩ። ወይዘሪቷ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ስበው ጥበቃ ጠሩ። ጥበቃው ወጥቶ ቀያሹን «አይዞዎት አባት፣ ይሂዱ፣ እኛ እንይዘዋለን» አላቸው። እሳቸውም የቤት ቁልፋቸው እኔ ኪስ ውስጥ ስላለ መሄድ እንደማይችሉ ሲነግሩት ይበልጥ ደነገጠ። እሳቸውም አብረውኝ አመልክተው ነበርና በሳምንቱ ለእሳቸው ቪዛ፣ ለእኔ የክልከላ ደብዳቤ ደረሰን።

6. እሳቸው ግን «የከሰስኩትን ሰው ጥዬ በምን ፊቴ ልጅህ ቤት እገባለሁ?» ብለው አልሄዱም። የታሰረ ሻንጣቸውን ሱቄ ውስጥ አስቀመጡት፤ ይኸው ሁለት ሳምንት ደንበኞች እሱ ላይ ተቀምጠው ወረፋ ይጠብቃሉ። በእጃቸው የጻፉት የድጋፍ ደብዳቤ ተያይዟል። «የደረሰብኝ ጉዳት ሙሉ በሙሉ በቅሏል» ይላል።

7. ይህን እየጻፍኩ ሳለ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። ልጄ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። እኔና ቀያሹ ተቃቅፈን አለቀስን። ፊቱ በሳሙና አረፋ የተሸፈነ ደንበኛም ነገሩ ሳይገባው አብሮን አለቀሰ። ልጆቻችን «ሁለታችሁ መጥታችሁ፣ አይታችኋት፣ ተስማምታችሁ ስም ታወጡላታላችሁ፤ እስከዚያ እንጠብቃለን» ብለዋል። ሆስፒታሉም ለጊዜው «ሴት ሕፃን» ብሎ መዝግቧታል።

ስለዚህ ለወሊዱ ባልደርስም፣ ክልከላው እንደገና ተመርምሮ የአንድ ወር የጉብኝት ቪዛ እንዲፈቀድልኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። ምላጭ ይዤ አልሄድም። በስሙ ጉዳይ ከቀያሹ ጋር ቶሎ እንስማማለን ብዬ ግን ክቡርነትዎን ልዋሽ አልችልም፤ ውሳኔዎ ከፈጠነልን ምናልባት ዳዴ ከማለቷ በፊት እንደርስላታለን።

ከልብ ከመነጨ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካቹ ፀጉር አስተካካይ፣ የሕፃኗ አያት በእናቷ በኩል