ያቃጠልኩት የወፎች ደብተር

ጌትዬ፣ የኔ አካል፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ደብረ ታቦር እንደምታውቃት ናት፤ ጉና ጭጋጉን ለብሶ ይውላል፣ ጭቃውም ጫማ ያወልቃል። የጓሮው አጥር በነፋስ ወድቆ ወንድሜ መጥቶ አቆመልኝ። ልጃችን ስድስተኛ ክፍልን አለፈች፤ ግትርነቷ ቁርጥ ያንተ ነው። የወፍ መመልከቻ መነጽርህን ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራው ንብረት ነው ብሎ ወሰደው፤ ፈርሜ አስረከብኩ።

ዛሬ ማለዳ ግን ያለ መነጽርም ቢሆን ወጣሁ። ትምህርት ሲዘጋ ክረምት ክረምት በምንሄድባት መንገድ፣ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ድረስ። እኔ ስለ ጭቃው ሳጉረመርም አንተ በእጅህ ዝም በይ ትለኝና እንደ ሌባ ታደፍጥ ነበር። ባሌ ለአንዲት ግንደ ቆርቁር ብሎ ብርድ ያስመታኛል እያልኩ ለጎረቤት አማሁህ። ለካ ደስ ይለኝ ኖሯል። ዛሬ ጥዱ ላይ ሁለት ዋኔ አርፈው አየሁ፤ ዞር ስል የምነግረው ሰው የለም። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን ይህን የምጽፍበትን ልንገርህ። ያየሃቸውን ወፎች የምትመዘግብበት ደብተርህ ትምህርት ቤት አልጠፋም። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ቀበሌው ቤት ለቤት ፍተሻ ጀመረ ተባለ። አንተ ስብሰባ ላይ ነበርክ። ደብተርህን ገለጥኩት። የወፎቹን ስም በአንድ ፊደል አሳጥረህ፣ የቀረው ሰዓት፣ ቦታና ቁጥር ነው። «አሥራ ሁለት ተኩል፣ ከድልድዩ በላይ፣ ቆ ሰባት።» ሰው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት በሚታሰርበት ጊዜ፣ ይህ ስለ ቆቅ ነው ብል ማን ያምነኛል? የዘጠኝ ዓመት ማለዳህን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ፈታሾቹ እኛ ቤት ሳይደርሱ ተመለሱ።

መጥተህ ስትፈልገው ትምህርት ቤት ረስተኸው ይሆናል አልኩህ። መጀመሪያ እንዳትቆጣ ብዬ ነበር፤ ኋላ አፍሬ ቀረሁ። አንተ ደግሞ አመንከኝ። የመምህራኑን ቁም ሣጥን ሁሉ በረበርክ፣ ዘበኛውን ሳይቀር ጠየቅህ። አልጋ ላይ ከዋልክ በኋላ እንኳ ሲሻለኝ እፈልገዋለሁ ትል ነበር። እኔ ራስጌህ ተቀምጬ አጥሚት እያጠጣሁህ፣ አዎ ትፈልገዋለህ እል ነበር። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ሞት ቀደመኝ።

ለንስሐ አባቴ ተናዘዝኩ። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ። ልቤ ግን አላረፈም፤ የበደልኩት አንተን ነዋ።

ያየኸውን ሁሉ መልሼ ልጽፍልህ አልችልም። የሚያጽናኑኝ ሰዎች፣ ቀን ሲሄድ ትረሽዋለሽ ይሉኛል። እኔ ግን መርሳት አልፈልግም። በሕይወት እስካለሁ ድረስ አንተንም፣ ሲሻለኝ እፈልገዋለሁ ስትለኝ አዎ ያልኩህንም አልረሳም።

ያንተዋ እናኑ