በጆሮ የተወረወረ ገመድ

ለልጄ ልጅ፣ ውኃ ለማትፈራው ጉርጥ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ትከሻሽስ? ያ ድንጋይ የላጠው ክርንሽ ቆዳ ያዘ? እናትሽ ስትጠይቅሽ «ደረጃ ላይ ወድቄ ነው» እንዳልሻት ሰምቻለሁ። ውሸቱን ከማን ተማርሽው አልልም፤ ዘር ከልጓም ይስባል። እኔ ጉልበቴም ሆዴም ደህና ናቸው፣ ፈጣሪ ይመስገን። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው «አንተን እኮ ሞት ረስቶሃል» ይለኛል፤ «እባክህ አድራሻዬን እንዳትነግርብኝ» እለዋለሁ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ ግን ቀልዱ ይቀድመኝና ቁም ነገሩ ሳይነገር ይቀራል። ስለዚህ ጻፍኩት። ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቂ።

ፈርቻለሁ፣ ልጄ። «ዝናቡ ካባራ ቅዳሜ የላይኛውን ጅረት በታንኳ እንወርዳለን፤ የማዳኛውን ገመድ አንተ ትይዛለህ» ካልሽኝ ወዲህ እጄን ልታጠብ ቧንቧ ስከፍት እንኳ ቶሎ መልሼ እዘጋዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ቧንቧ ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ውኃ አልታዘዝ ሲለኝ መዝጊያውን አጥብቄ አፉን አስይዘው ነበር። ያንቺ ጅረት ግን መዝጊያ የለውም። ጥበቱ እንደ ኮሪደር፣ ቁልቁለቱ እንደ ደረጃ፤ ሲወርድ ድንጋይ የሚያኝክ ነው የሚመስለው።

ባለፈው ቅዳሜ ለጓደኛሽ ለጥርስ ሐኪሙ «አያቴ እኮ ዓይኑ የንስር ነው» ብለሽ አወራሽለት። እሱም ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «አባባ፣ ይቺን ዓይን ለእኔ ያውርሱኝ» አለ። እኔም አገጬን አሻሸሁ። አሁን የሆነውን ልንገርሽ።

እሱ ቀድሞሽ ወርዶ ከመታጠፊያው ወዲያ ይጠብቅሽ ነበር። እኔ ከፏፏቴው ሥር፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ፣ የገመዱን ከረጢት ታቅፌ ቆሜያለሁ። ከላይ ብቅ ስትዪ አየሁሽ። ቀይዋ ታንኳሽ አፍንጫዋን ደፍታ ወረደች፣ ከድንጋዩ ጋር ተላተመች፣ ተገለበጠች። ከዚያ በኋላ አረፋ ብቻ። ከአረፋው ውስጥ ቀይ ነገር ብቅ ሲል «አገኘኋት!» ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩ። ገመዱ ልክ ቀዩ ላይ አረፈ። ያዢ፣ አንቺ ልጅ፣ ያዢ እያልኩ ጮህኩ። የሚይዝ እጅ የለም።

ባዶ ታንኳ ነበር። አንቺ ከእኔ በስተግራ፣ ውኃው ላይ በተጋደመው ግንድ ተንጠልጥለሻል፤ ውኃው ከሥር እየጎተተሽ። እሱንም ያወቅሁት ከወጣሽ በኋላ ለጥርስ ሐኪሙ ስትነግሪው ሰምቼ ነው። «መጀመሪያ ታንኳዋን አዳናት፣ ቀጥሎ እኔን፤ እየተጫወተ እኮ ነው!» ብለሽ ሳቅሽ።

አልተጫወትኩም። አላየሁሽም። አንገትሽ ላይ ያለውን ፊሽካ ስትነፊ ሰምቼ ነው ገመዱን ሰብስቤ ወደ ድምፁ የለቀቅሁት። መያዝሽን የነገረኝ የገመዱ መወጠር ነው። ፊሽካ የምትነፊበት ትንፋሽ ባይተርፍሽ ኖሮስ? ወደ ምን ልወረውር ነበር?

የዓይን ግፊት ነው ይላል የዓይን ሐኪሜ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀው አለኝ። ፊት ለፊቴን አያለሁ፤ ግራና ቀኙ ጠፍቷል። ቧንቧ ስገጥም ኖሬ ይኸው ዓለምን በቧንቧ ቀዳዳ አያታለሁ፤ ሙያዬ ጡረታም አልወጣልኝ። የበሩ መቃን ግንባሬን ሲለኝ «ይሄ በር ጠጥቶ ነው የሚያድረው» ብዬ ያሳቅሁሽ ጊዜም ይኸው ነበር። ለምን ደበቅከኝ ትዪኛለሽ። እሱን ተዪው።

ገመዱን ሌላ ሰው ይያዝልሽ። የጥርስ ሐኪሙ እህት ክንደ ብርቱ ናት ብለሽኝ የለ? እሷ ትምጣ። እምቢ ካለች ጅረቱ ይቅር፤ በዚህ አልቀልድም። «አያቴ ዳር ቆሟል» ብለሽ ከእንግዲህ እዚያ ውኃ ውስጥ እንዳትገቢ። ዳር የቆመው አያትሽ ሳይሆን ኮቱ ነው ብለሽ ቁጠሪው።

ገመዱን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከረጢቱ ውስጥ መልሼዋለሁ። መጥተሽ ውሰጂው። ግን በር ላይ ቆመሽ አትቀበዪኝ፤ ግቢና ቁጭ በዪ። ሴት አያትሽ ካረፈች ወዲህ የተውኩትን ጢም መላጨት፣ በአንቺ የተነሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ለምጄዋለሁ። ልማድ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይተውም።

ውኃው እንደ እናት ጀርባ ይሸከምሽ። ድንጋዩ ይለፍሽ፣ ግንዱ ይልቀቅሽ፣ ትንፋሽሽ አይጠርብሽ። ሁልጊዜም በእግርሽ ወደ ደረቅ መሬት ያውጣሽ።

የእናትሽ አባት

ቅዳሜ ካልተመቸሽ እሑድም ቤት ነኝ። ሰኞም።