ፊልሙ የቀየረው መጨረሻ

ልጄ፣ የሄድክበት ሁሉ ይቅናህ፤ ክፉ አይንካህ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትህ ጉልበት ብቻ ደረጃ አልወጣም ብሏል።

ልጅ ሳለህ አባትህ ያነብልህ የነበረው ልብ ወለድ ፊልም ሆኖ መጣና እህትህ ሲኒማ ቤት ወሰደችን። በመጽሐፉ እናትየዋ ልጇን እንደጠበቀች ትሞታለች፤ በፊልሙ ግን ልጁ ሻንጣውን ይዞ በሩን ያንኳኳል። ሰው ሲያጨበጭብ አባትህ ብድግ አለና፣ «ውሸት ነው! ልጁ አልመጣም!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ሳቀበት፤ እህትህ በሀፍረት አንገቷን ደፋች።

ቤት ስንገባ፣ «መጽሐፉ ይሻላል፤ ሰው አያታልልም» አለኝ።

እኔ ግን ፊልሙን ወደድኩት። በየዓመቱ «ዘንድሮስ እመጣለሁ» ስትለኝም አምኜህ ነበር።

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝመው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ሳንሞት መጥተህ አባትህን ውሸታም አድርግልኝ።

እናትህ