ተራራን በታንኳ ያስተማሩት መምህርት ፀሐይወርቅ ሣህሉ

መምህርት ፀሐይወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ሣህሉ በላይና ከእናታቸው ከወይዘሮ እናትዓለም ተሰማ በ1938 ዓ.ም. ማክሰኝት ተወለዱ። ጎንደር ተምረው አስተማሪ ሆኑ፤ በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቱ፤ ከዘመቻው ሲመለሱ ባሕር ዳር ኮሌጅ ገብተው በ1970 ዓ.ም. በጂኦግራፊ ተመረቁና በዚሁ ከተማ ማስተማር ቀጠሉ።

እኅታችን ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ካልቆሙ የታመሙ የሚመስላቸው ሰው ነበሩ። በ1972 ዓ.ም. ይህንኑ ሊያጡ ደረሱ። ተማሪ ሰብስበው ጣና ዳር በታንኳ ያጫውታሉ ተብለው ተከሰሱና ከክፍል ወጥተው ቢሮ እንዲቀመጡ ታሰበ። ነገሩን እንዲያጣሩ የትምህርት ተቆጣጣሪው አቶ ክንዱ አላምረው ተላኩ።

መምህርቷ ክርክር አልገጠሙም፤ ተቆጣጣሪውን ይዘው ሐይቁ ዳር ወረዱ። መጀመሪያ ድንጋይ የተጫነ የደንገል ታንኳ ከባዶ ታንኳ ጋር አጋጩ። ከባዱ አፍንጫውን ደፍቶ ከቀላሉ ሥር ገባ። የውቅያኖስ ወለልም ከየብስ ጋር ሲገፋፋ እንዲሁ እንደሚሰምጥ አስረዱ። ቀጥሎ በአንዱ ታንኳ ራሳቸው፣ በሌላው አቶ ክንዱ ተቀምጠው ፊት ለፊት ቀዘፉ። ሲጋጩ ማንም ከማንም ሥር አልገባም። ሁለቱም ታንኳዎች ቀና ብለው ተነሡ፤ አቶ ክንዱም ከነኮታቸው ጣና ገቡ።

ተማሪዎች ተቆጣጣሪውን ጎትተው ሲያወጡ መምህርቷ ትምህርቱን አላቋረጡም። የህንድ ምድር በሚሊዮን ዓመታት ከደቡብ ተጉዞ ከእስያ ጋር ሲጋጭ አንዱም አልሰምጥ ስላለ መሬቱ ተጣጥፎና ተደራርቦ ሂማላያን እንዳቆመ፣ በመካከል የነበረው የባሕር ጭቃም አብሮ ስለወጣ በተራራው ላይ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅሪት እንደሚገኝ፣ ተራራውም ዛሬ ድረስ እያደገ እንደሆነ ተናገሩ። አቶ ክንዱ ውኃቸውን እያራገፉ ጉናም እንዲህ የቆመ እንደሆነ ጠየቁ። ጉና ከምድር ሆድ በወጣ እሳተ ገሞራ የቆመ ነው ተብለው ታረሙ።

መምህርቷ ከክፍላቸው አልተነሡም። አቶ ክንዱ በ1973 ዓ.ም. አገቧቸው፤ ሽማግሌ የላኩት ግን ልብሳቸው ሳይደርቅ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድባቸዋል። የብርጓልንና ገብረ መስቀልን ወልደው በፍቅር ኖሩ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 13 ቀን 1982 ዓ.ም. በ44 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን ወንድሞቻቸውን ትተዋል። አዝነናል፤ ስማቸው ሲነሣ ግን ሳቅ ይቀድመናል።

ቀብሩ ለምን መሸ ብላችሁ ያጉረመረማችሁ ዘመዶች፣ ትእዛዙ የራሳቸው ነው። በእሳቸው ምክንያት አንድ ተማሪ እንኳ ከትምህርት እንዳይቀር አደራ ብለው ነበር። ስለዚህ የመውጫው ደወል እስኪደወል ጠበቅን። ይኸው፣ ተማሪዎቻቸው ደብተራቸውን እንደያዙ መጥተዋል።

ተራሮችን ያቆመ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለልጆቻቸውም ዕድሜውን ይስጥልን።

ከታናሽ ወንድማቸው ከአስማማው ሣህሉ