አባባ ያላስጻፉት ደብዳቤ

ለታላቅ እህቴ ለሳዲያ ኸባብ፣ ባለሽበት በጀርመን አገር ይድረስሽ።

አሰላሙ ዐለይኩም እታለም። ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ጉሮሮሽን እንዳይነካብሽ አንገትሽን ትጠመጥሚያለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጅሽስ ደህና ናቸው? ረመዳንን እንዴት ተቀበልሽው? በእኛ በኩል አካላችን ደህና ነው። አባባም ወገባቸውን ከሚያማቸው በቀር ራሳቸውን ችለው ይሄዳሉ፣ አልሐምዱሊላህ። ደህና ያልሆነው የእኔ ልብ ነው። አራት ዓመት ሊሞላ ምንም ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ዛሬ ብድግ ማለቴ ቢያስደነግጥሽ አልፈርድብሽም። የሞተ ሰው የለም። መርዶ መስሎሽ እንዳትርበደበጂ ይህን አስቀደምኩ።

የምጽፍልሽ የበደልኩሽን ልነግርሽ ነው። በ1985 ግንቦት ላይ የላክሁልሽን ደብዳቤ አትረሺውም። «አባባ ስማቸውንም የአሰብንም ስም በሬዲዮ እንዳታነሺ ብለዋል፤ ከእንግዲህም ደብዳቤ አትላኪ» የሚለውን። እታለም፣ አባባ እንዲህ አላሉም። ያን ቃል የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ወላሂ እኔ ነኝ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እዚህ ቤት የሆነውን ስለማታውቂ ከሥሩ ልንገርሽ። በ1971 ለነርስነት ትምህርት ስትሄጂ አባባ ላገኙት ደንበኛ ሁሉ «ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው» ይሉ ነበር። ነርስ ማለት ሐኪም አይደለም ያላቸው ሰው ደግሞ ዱቤ አይሰጠውም። ከዚያ መድረክ ላይ ቆመሽ፣ ትከሻሽ ተራቁቶ፣ እጅሽን ዘርግተሽ የተነሣሽው ፎቶ መጣ። ኦፔራ ምን እንደሆነ እዚህ ማን ያውቃል? አባባ አየት አደረጉትና «አዝማሪ ሆናለች» አሉ፤ «ሳዲያ የምትባል ልጅ የለችኝም» አሉ። ይህንን ያኔውኑ ሰምተሻል። ያልሰማሽው ግን ፎቶውን እንዳልጣሉት ነው። እስከ ዛሬ የቁርዓን መያዣው ውስጥ አለ። ደግሞ አስቢው፤ በልጅነትሽ አንገትሽን ባዶ በርሜል ውስጥ ከተሽ ስታንጎራጉሪ እናታችን፣ አላህ ይማራትና፣ ትስቅ ነበር፤ አባባ ግን ይቆጡሽ ነበር። የሚቆጡሽ ዘፈኑን ከጨረስሽ በኋላ ነበር። ይህን ያስተዋልኩት አሁን ነው።

በ1983 ከጀርመን በሚተላለፈው የአማርኛ ሬዲዮ የኦፔራ ታሪክ እየተረክሽ ዘፈኑን ማሰማት የጀመርሽ ሰሞን አባባ ለአንዲት ሴት ስኳር እየመዘኑላት ነበር። «እንደምን አመሻችሁ፣ ሳዲያ ነኝ» ስትዪ ማንኪያው ከእጃቸው ሳይወርድ ስኳሩ ከሚዛኑ ተርፎ ባንኮኒው ላይ ፈሰሰ፣ ከባንኮኒው መሬት ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ አሁንም ድረስ የዚያን ቀን ምርቃት ታነሣዋለች። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከመግሪብ ሶላት በኋላ በሱቃችን ሥራ የለም። ፊት ለፊት ባለው ትምህርት ቤት የምታስተምረው መምህርት ከበደች መቀመጫ ዱካዋን ይዛ ትመጣለች። የጉምሩኩ አቶ ሰርጸድንግል ካንቺ የሰማውን ዜማ ወረቀት እየመረመረ ያፏጫል። ከአዲስ አበባ የሚመጡት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ «የሳዲያ ሰዓት ደረሰ» ይባባላሉ። አባባ የዘፈኑን ታሪክ እንደ ዜና ነው የሚከታተሉት። አንድ ቀን በታሪኩ ውስጥ ያለችው ሳምባ ነቀርሳ የያዛት ሴት ስትዘፍን ሰምተው፣ «እየሞተች ነው አላለችም እንዴ? የሚሞት ሰው ይህን ሁሉ ትንፋሽ ከየት አመጣው?» ብለው ከመምህርቷ ጋር ሊጣሉ ነበር።

ዝግጅቱን ስትዘጊ «አሰብ ላሉት አባቴ ሰላምታዬ ይድረስ» ትዪ ነበር። ስማቸውን አትጠሪም ነበር፤ እንዳይቆጡ ፈርተሽ መሆኑ ይገባኛል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን አባባ ጠሩኝና «ወረቀት አምጣና ጻፍ» አሉኝ። ሐሙስ ሐሙስ እንደሚሰሙሽ፣ አፉ ብለሽ እንድትምሪያቸው፣ ከእንግዲህም ስማቸውንና ሱቃቸውን ጠርተሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሰላም እንድትያቸው አስጻፉኝ። እሳቸው ከቁርዓኑ ፊደል በቀር የእኛን አያነቡም። እኔ አንገቴን ደፍቼ ያሉትን ጻፍኩ።

ያን ጊዜ የጅምላ ነጋዴውን የሀምዳንን ልጅ ፋሪዳን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። ሀምዳን በጨዋታ መካከል «ያቺ የሬዲዮዋ ሳዲያ ዘመዳችሁ ናት እንዴ?» ቢሉኝ «የለም፣ ሞክሼ ናት» ብያቸው ነበር። እንዲህ ያለ የተከበረ ቤት የዘፋኝ ወንድም አይቀበልም ብዬ ፈራሁ። አንቺ የአባባን ስም በሬዲዮ ብትጠሪ ውሸቴ በከተማው ሁሉ ሊሰማ ነው። ስለዚህ አባባ ያስጻፉኝን ቀድጄ የራሴን ጻፍኩ። አንቺም «ትእዛዛቸው ይከበራል፤ ጤና ይስጥልኝ በልልኝ» ብለሽ መለስሽልኝ። እሱን እንኳ አልነገርኳቸውም። የሻይ ቅጠል ካርቶን ውስጥ ደበቅሁት።

ከዚያ በኋላ አባባ እንዴት እንደሰነበቱ ልንገርሽ፤ ብትሰሚው ይከብድሻል፣ ግን ከእኔ ሌላ የሚነግርሽ የለም። የሰላምታው ሰዓት ሲደርስ ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ይለጥፋሉ። የአሰብ ስም ሳይነሣ ሲያልቅ «ዛሬም ሰዓት አጥሯት ነው» ይላሉ። በሳምንቱ «ጉንፋን ይዟታል፣ ድምፅዋ ልክ አይደለም» ይላሉ። አንዴ ደግሞ «ደብዳቤው ቢዘገይ ነው፤ ፖስታ ቤት እኮ ሥራ ይበዛባቸዋል» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሳሙና እደረድራለሁ።

ከትናንት ወዲያ ሐሙስ፣ የረመዳን ዋዜማ፣ ያን ቀን ሰላምታውን አስቀድመሽ አንድ የመጨረሻ ታሪክ ጀምረሽ ሳለ «ዝጋው» አሉኝ። «ልጄ አልማረችኝም። እኔም ብሆን አልምርም ነበር» አሉና ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። እታለም፣ ያን ሬዲዮ በእጄ ስዘጋው የራሴን አንገት የያዝኩ መሰለኝ። ይኸው ሁለተኛ ቀን እጾማለሁ፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ደብቄ የያዝኩ ሰው ምን ጾም አለኝ?

ትናንት ለፋሪዳ ነገርኳት። እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? አባቷ ያኔውኑ ያውቁ ነበር። «ድምፅዋ ቁርጥ የአባትህን ነው ብለው ነበር፤ የጠየቁህ የሚወዱትን ዘፈን በሬዲዮ እንድታሰማቸው መልእክት ታደርስላቸው እንደሆን ብለው ነው» አለችኝ። በከንቱ ነው የከዳሁሽ። ቢጠቅመኝ ኖሮ ጥፋቴ ይቀል ነበር አልልም፤ ግን ይህ ደግሞ ለብቻው ያቃጥላል።

አፉ በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። የምለምንሽ ለእሳቸው ነው። ከኢዱ በፊት ባለው ሐሙስ ስማቸውን ጥሪ። «አሰብ፣ ባለሱቁ አባቴ ኸባብ» በይ። እኔን ከፈለግሽ እዚያው በሬዲዮው ስደቢኝ፤ ሀምዳንም ይስሙ፣ ወደቡም ይስማ። ይህን ደብዳቤ ሳላሽገው ለአባባ አነብላቸዋለሁ።

ፋሪዳ ሰላም ብላሻለች። ልጃችን ሙስሊማ፣ አክስት እንዳላት የነገርናት ትናንት ነው፤ በሬዲዮው ኋላ በኩል ስትፈልግሽ ዋለች፤ እሷም ሰላም ትልሻለች። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ልጅሽንም ሳሚልኝ፤ ልጅ እንዳለሽ ከሬዲዮ ሰማሁ እንጂ ስሙን አላውቀውም፤ ይህም የእኔ ጥፋት ነው።

ወንድምሽ ዘይኑ ኸባብ
አሰብ፣ ጥር 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ክብርት ወይዘሮ ሳዲያ፣ ከዚህ በታች ያለው የዘይኑ እጅ ጽሑፍ አይደለም፤ የእኔ የመምህርት ከበደች ነው። ዘይኑ ዛሬ ጧት ደብዳቤውን አነበበላቸው። ከዚያ የአባትዎን መልእክት ሊጽፍ ወረቀቱን ሲያስተካክል እሳቸው ብዕሩን ከእጁ ወሰዱና እኔን አስጠርተው ሰጡኝ። ያሉኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌያለሁ፤ ሁለት ጊዜም መልሰሽ አንብቢልኝ ብለውኝ አንብቤላቸዋለሁ።

«ሳዲያ፣ እኔ ነኝ። ያኔ ያስጻፍኩትን ዛሬም እላለሁ። ሐሙስ ሐሙስ እሰማሻለሁ። ልጅ የለችኝም ያልኩትን አፉ በይኝ። ሬዲዮው ላይ ዛሬ አዲስ የባትሪ ድንጋይ አስገብቼበታለሁ። ያን የመጨረሻውን ታሪክ ሳትጨርሺው ነው ሬዲዮውን ያስዘጋሁትና ሰዎቹ ምን እንደሆኑ ንገሪኝ። ዘይኑን አትርገሚው፤ እሱን ለእኔ ተይው። ስሜን ስትጠሪ ግን ጎላ አድርገሽ ጥሪው፤ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።»