ሰዓታችንን ላቃኑልን ለአቶ ትእዛዙ

ለተከበሩ አቶ ትእዛዙ፣ በሰቆጣ ከተማ የሕዝብ ኮምፒውተር አገልግሎት ማዕከል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የእጅ ሰዓትዎ እንዴት ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ የጽጽቃው ጡረተኛ መምህር ወልደ ጻድቅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ልጄ ምስራቅ ለነርስ ትምህርት በኢንተርኔት እንድትመዘገብ ይዣት ከማዕከልዎ ስደርስ ምዝገባው ሊዘጋ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ስላደረጉልን ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም የሚሠራው ኮምፒውተርዎ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዓመቱንም 2026 ብሎ ቢያገኙት፣ «በአገራችን ሰዓት እንጂ በፈረንጅ ሰዓት አንሠራም» ብለው በገዛ እጅዎ ወደ ሦስት ሰዓትና ወደ 2018 ስለመለሱት አመሰግናለሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የምዝገባው ገጽ አልከፈት አለ። ሠራተኛዎ ወይዘሪት ትግስት በትሕትና እንዳስረዳችው፣ ማሽኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለተመለሰ የገጹ የደኅንነት ማረጋገጫ ገና ያልተሰጠ መስሎት ነው።

ሁለተኛ፣ ትግስት የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ብላ፣ ሰዓቱንም ከኢንተርኔት ራሱ እንዲቀበል አድርጋ ገጹን ብትከፍተው፣ ምስራቅ የአያቷን ስም ጽፋ ሳትጨርስ እርስዎ ገብተው ከእጅ ሰዓትዎ ጋር አመሳክረው እንደገና አቃኑት። ማሽኑ በእጅ አልሞላም ብሎ ቢያስቸግርዎ፣ ከኢንተርኔት የሚቀበልበትን አጠፉበት። እሷ ስታስተካክል፣ እርስዎ ሲያቃኑ ሦስት ቀን አለፈ። እኔ በሁለታችሁ መካከል ኮፍያዬን በእጄ ይዤ ከመቆም በቀር ምን አቅም ነበረኝ?

ሦስተኛውን ባልጽፈው በወደድሁ። ሐሙስ፣ በመጨረሻው ቀን፣ ሰዓቱን ሳይነኩ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ይተዉልን ብዬ ብለምንዎ ጥያቄዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዙኝ፤ አቀረብኩ። ዓርብ ጠዋት በማኅተም ፈቀዱልኝ። ትግስት ሰዓቱን ብታስተካክል ገጹም ወዲያው ተከፈተና ምዝገባው ትናንት መጠናቀቁን ነገረን። እኔም አባት ሆኜ የምስራቅን ፊት ማየት አቃተኝ።

ስለ አገር ሰዓት ክብር ያለዎት ትጋት ከዚህ ትንሽ ጉዳይ እንደሚበልጥ በመረዳት፣ ለሚቀጥሉት ተገልጋዮችም እድሜና ጤና እንዲሰጥዎ እየለመንሁ፣ እርስዎ በሞሉልን ሰዓት የምኖር፣

ታዛዥና አክባሪዎ፣
መምህር ወልደ ጻድቅ፣ ከጽጽቃ

ማስታወሻ፦ ምስራቅ ማክሰኞ ወደ ዓረብ አገር መንገድ ጀምራለች። የሚያሻግራት ደላላ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ብሎ ቀጠራት፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ደጃችን ቆሞ ነበር።